የሞተው ዓሣው ነው ወይስ ስሙ?

ለንደን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ዕድሜው ከ1754 የሚቆጠር አንድ የደረቀ ዓሣ አለ። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ «ሃውቲንግ» የሚባለውን ዓሣ በሳይንስ መዝገብ ሲያሰፍር የተጠቀመበት ናሙና ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ደረቅ ዓሣ ሁለት መቶ ስድሳ ዓመታት ካለፉት በኋላ ለምስክርነት ተጠራ። የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲና የሙዚየሙ ተመራማሪዎች ከገላው ቅንጣት ወስደው ዲ.ኤን.ኤውን አነበቡ፤ ውጤቱንም በ2023 አሳተሙ። ሊመልሱት የፈለጉት ጥያቄ አጭር ነበር። በ2008 «ከምድር ገጽ ጠፍቷል» ተብሎ የተፈረደበት ሃውቲንግ በእርግጥ ጠፍቷል?

መልሳቸው «አልጠፋም» የሚል ሆነ። ዜናው ደስ ያሰኛል፤ ቆም ብሎ ላሰበው ሰው ግን ግራ ያጋባል። በሁለቱ ፍርዶች መካከል ከየትም ወንዝ ተደብቆ የኖረ መንጋ አልተገኘም። ማንም አስጋሪ ያልታወቀ ዓሣ በመረቡ አላወጣም። የተለወጠው ሰዎች ስለ ዓሣው ያላቸው ሐሳብ ነው። ሐሳብ ሲለወጥ የሚነሣ ሙት ምን ዓይነት ሙት ነው?

ሃውቲንግ የሳልመን ወገን ነው። አፍንጫው ረዝሞ የሾለ፣ ገላው ብርማ፣ ኑሮውም በሁለት ውኃ የተከፈለ። ከሆላንድ እስከ ዴንማርክ በተዘረጋው ጥልቀት በሌለው የሰሜን ባሕር ዳርቻ ይመገባል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ ወንዞቹ ወጥቶ እንቁላሉን ይጥላል። በራይን ወንዝ ዳር የሚኖሩ አስጋሪዎች በየዓመቱ መምጫውን ጠብቀው መረባቸውን ይዘረጉለት ነበር። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ግን ግድቡ፣ የፋብሪካው ቆሻሻና ከልክ ያለፈው አሰጋገር ተባበሩበት። ወደ 1940 ገደማ በራይን የውኃ ሽታ ሆነ። ከዚያ በኋላ በተፈጥሮ የተረፈ መንጋ የቀረው በዴንማርክና በጀርመን ድንበር አካባቢ በሚፈሰው በትንሹ የቪዶ ወንዝ ብቻ እንደሆነ ይታመን ነበር። ዴንማርኮች ይህን መንጋ እንደ ቅርስ ያዙት። ጫጩቶቹን እያረቡ ወደ ሌሎች ወንዞች ለቀቁ፤ መንገዱን የዘጉ እርከኖችን አፈረሱ፤ ለዚህም በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ አወጡ። ከ1990ዎቹ ጀምሮም ከቪዶ የመጣው ዘር ወደ ራይን ተመልሶ ተለቀቀ።

በ2005 ይርግ ፍራይሆፍና ክርስቲያን ሸተር የተባሉ ተመራማሪዎች በየሙዚየሙ ያሉትን አሮጌ ሃውቲንጎች አንድ በአንድ መረመሩ። ያተኮሩት በስንጥቡ ላይ በተደረደሩት ማበጠሪያ መሰል አጥንቶች ላይ ነበር፤ ዓሣው ከውኃ ጋር የሚገባውን ጥቃቅን ምግብ የሚያጣራባቸው ናቸው። በጥንቶቹ የራይን ዓሣዎች ላይ ከ38 እስከ 46 ቆጠሩ። በቪዶዎቹ ላይ ከ28 እስከ 35 ብቻ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የሚያገናኝ ድልድይ የለም። ስለዚህ የዴንማርኩ ዓሣ ሌላ ዝርያ ነው፣ እውነተኛው ሃውቲንግ በ1940 ገደማ ሞቷል አሉ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም በ2008 በቀይ መዝገቡ «የጠፋ» ብሎ ጻፈው።

ይህ ፍርድ አስገራሚ ጣጣ አስከተለ። የአውሮፓ ኅብረት በ1992 ባወጣው የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ ቅድሚያ ጥበቃ የሰጠው «ሃውቲንግ» ለሚለው የሳይንስ ስም ነበር። ስሙ የሙት ከሆነ፣ በቪዶ የሚዋኘው ሕያው ዓሣ በማን ስም ሊጠበቅ ነው? ሕጉ ለሞተ ዋስ ሆኖ፣ በሕይወት ያለው ያለ ዋስ ሊቀር ነበር።

እንዲህ ያለ ችግር ለሕግ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሰው መጥፋት ራሱን የቻለ ክፍል አለው። አንድ ሰው ጠፍቶ ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ ያገባኛል የሚል ማንኛውም ሰው የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ሕጉ ጥበበኛ ነው፤ ጠፋ የተባለው ሰው አንድ ቀን በሩን ሊያንኳኳ እንደሚችልም አስቀድሞ አስቦ ደንግጓል። ለእንስሳትና ለዕፀዋት የሚሠራው የቀይ መዝገቡ ሥርዓትም በመንፈሱ ከዚህ አይርቅም። አንድ ዝርያ «ጠፍቷል» የሚባለው የመጨረሻው ግለሰብ ስለመሞቱ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሲጠፋ ነው። ለዚያም በሚኖርበት ቦታ ሁሉ፣ በተገቢው ሰዓትና ወቅት ተፈልጎ መታጣት አለበት።

በሁለቱ መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ፍርድ ቤቱ የሚፈለገው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ የአባቱ ስም፣ የትውልድ ቀበሌው፣ የሚስቱ ስም በመዝገቡ ላይ ሰፍሯል። ዓሣ ፈላጊው ግን ፍለጋውን ከመጀመሩ በፊት «የምፈልገው ማንን ነው?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። በሃውቲንግ ላይ የተነሣው ክርክር ዓሣው የት አለ የሚል አልነበረም። በቪዶ የሚዋኘው እሱ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር። የመጥፋት ፍርድ ሁሉ ከሥሩ የማንነት ፍርድ አለበት፤ የማንነቱ ፍርድ ሲናጋ የመጥፋቱም አብሮ ይናጋል።

የዲ.ኤን.ኤ ባርኮድ ወደ ክርክሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ስሙን ከሱቅ ዕቃ መለያ የወረሰውን ይህን ዘዴ በ2003 ያስተዋወቁት በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲው ፖል ሄበርትና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመነጩ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ክፍሎች አሉ፤ እነሱም የራሳቸው አጭር ዲ.ኤን.ኤ አላቸው። ከዚያ ውስጥ አንድ የተወሰነ ጂን ይመረጥና 650 ያህል ፊደሎቹ ይነበባሉ። በአንድ ዝርያ ውስጥ ባሉ ግለሰቦች መካከል የፊደሎቹ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አንድ አይሞላም፤ በተለያዩ ዝርያዎች መካከል ግን ብዙ እጥፍ ይሆናል። የተነበበው ጽሑፍ ማንነታቸው ከታወቀ ናሙናዎች ጋር ይመሳከራል። ቆዳውና ጭንቅላቱ ተወግዶ ገበያ ላይ የቀረበ ሥጋ ይሁን ገና አፍንጫው ያልተለየ ጫጩት፣ የማን ወገን እንደሆነ በዚህ መንገድ ይታወቃል።

ሕያው ዓሣን መመርመር ቀላል ነው። የሞተ ዝርያን ለመመርመር ግን ያለው አማራጭ ሙዚየም ብቻ ነው፤ ሙዚየሙም ናሙናውን ያስቀመጠው ስለ ዲ.ኤን.ኤ ምንም በማይታወቅበት ዘመን ነው። ዘመን ሲገፋ ዲ.ኤን.ኤ ይበጣጠሳል። ብዙ ዓሣ የተነከረበት ፎርማሊን ሥጋውን ከመበስበስ ቢያድንም ዲ.ኤን.ኤውን ይጎዳል። በአልኮል የቆየ ወይም እንደ ለንደኑ ዓሣ የደረቀ ናሙና የተሻለ ተስፋ አለው። እንደዚያም ሆኖ ተመራማሪው የሚያገኘው ቁርጥራጭ ነው፤ ቁርጥራጮቹን እያነበበ፣ የራሱ እጅና የሌላ ዓሣ ዲ.ኤን.ኤ እንዳይቀላቀልበት እየተጠነቀቀ ይሠራል። የአምስተርዳሙ ቡድን ያደረገው ይህንኑ ነው። በዚህ መንገድ ከጥንቶቹ ሃውቲንጎች ያገኘውን የማይቶኮንድሪያ ጽሑፍ ዛሬ በአውሮፓ ከሚኖሩት ዘመዶቻቸው ጋር አስተያየ።

ጥንታውያኑ ለብቻቸው አልቆሙም። የራሳቸው ቅርንጫፍ አልነበራቸውም፤ ከሕያዋኑ ጋር ተቀላቅለው ተገኙ። ተመራማሪዎቹም ሃውቲንግ ዛሬ በሰሜን አውሮፓ በስፋት ከሚገኘው ኮሬጎነስ ላቫሬተስ ጋር አንድ ነው፤ የመጥፋቱ ፍርድም እንደገና ይታይ አሉ።

ይህ ማለት ግን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ማይቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው፤ ስለ አባት ወገን የሚለው ነገር የለም። ሃውቲንግ የሚመደብባቸው የአውሮፓ ኮሬጎነሶች ደግሞ የበረዶው ዘመን ካከተመ በኋላ በየሐይቁና በየወንዙ የተለያዩ ወጣት ወገኖች ናቸው። በዚህ አጭር ጊዜ አፋቸው፣ መጠናቸው፣ የመራቢያ ወቅታቸው ሲለወጥ የማይቶኮንድሪያው ጽሑፍ ገና ለመለያየት አልደረሰም። እርስ በርስ መዳቀላቸው ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። ባርኮድ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የተለያዩትን በጥሩ ሁኔታ ይለያል፤ ትናንት የተለያዩትን ሲጠይቁት ግን «አላውቃቸውም» ማለት ሲገባው «አንድ ናቸው» ሊል ይችላል። የ2005ቱ የስንጥብ ቆጠራም ከነቁጥሩ እዚያው አለ። እርግጥ ነው፣ በእነዚህ ዓሣዎች የአጥንቶቹ ብዛት ከአመጋገብ ጋር የተያያዘና ከመንጋ መንጋ እጅግ የሚለያይ በመሆኑ ብቻውን ዝርያን መለየት መቻሉ ሲያከራክር የኖረ ነው። ስለዚህ ከ2023ቱ ጥናት በኋላ ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም የወደቀው «የተለየና የጠፋ ዝርያ ነበር» በሚለው ወገን ላይ ነው። ከዚህ ያለፈ ነገር ከማይቶኮንድሪያ መጠበቅ ያላለውን ማስባል ነው።

ከጃፓን የመጣው ታሪክ ግን ሌላ መልክ አለው። ከአገሪቱ ሐይቆች ሁሉ የጠለቀው ታዛዋ 423 ሜትር ይወርዳል፤ ኩኒማሱ የሚባል ጥቁር የሳልመን ወገን በዚያ ብቻ ይኖር ነበር። በ1940 ለኤሌክትሪክ ማመንጫና ለመስኖ ተብሎ ከፍል ውኃ የሚመጣ አሲዳም ወንዝ ወደ ሐይቁ ተጠለፈ። ዓሣው አለቀ። የአካባቢው ሰዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ ላገኘው ሽልማት እስከማቅረብ ደርሰው ነበር፤ የሚያገኘው ጠፋ። በ2010 የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ቴትሱጂ ናካቦ፣ ሳካና-ኩን ለሚባለው ዓሣ ሠዓሊ የኩኒማሱን መልክ እንዲሥል አዘዙት። ሠዓሊው ለማመሳከሪያ እንዲሆኑት ቅርብ ዘመዶቹን በፉጂ ተራራ ሥር ካለው ሳይኮ ሐይቅ አስመጣ። ከመጡት ውስጥ ጥቋቁሮቹ ትኩረቱን ሳቡት። የስንጥብ ቆጠራውም፣ የአንጀት ምርመራውም፣ የዲ.ኤን.ኤ ትንተናውም ኩኒማሱ መሆናቸውን መሰከረ። በ1935፣ አሲዱ ከመግባቱ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እንቁላሎቹ ወደ ሳይኮ ተልከው ኖሯል። የሳይኮ አስጋሪዎች ያን ሁሉ ዘመን «ጥቁሩ» እያሉ ያጠምዱት፣ ይበሉትም ነበር። ሟቹ በሌላ ስም ይኖር ነበር ማለት ነው። የጃፓን መንግሥት በ2013 ከ«ጠፋ» ወደ «በተፈጥሮ ቦታው የጠፋ» አዛወረው፤ ታዛዋ ዛሬም ኩኒማሱ የለውም።

የኮንስታንስ ሐይቁ ኪልሽ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ኪልሽ በስዊዘርላንድ፣ በጀርመንና በኦስትሪያ መካከል ባለው ሐይቅ ጥልቅ ክፍል የሚኖርና እዚያው የሚራባ ኮሬጎነስ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከከተማና ከእርሻ የሚመጣው ፎስፈረስ ሐይቁን አደለበው፤ ከሥሩ ያለው ኦክስጂን ተመናመነ፤ ጥልቀት ላይ የተጣለው እንቁላል መፈልፈል አቃተው። በ1970ዎቹ ኪልሽ አለቀ። በዚህ ጉዳይ የሚከራከር የለም። በ2022 ዴቪድ ፍራይ፣ ፊሊነ ፎይልነርና ኦለ ዜሃውዘንን ጨምሮ ተመራማሪዎች ሐይቁ ከመበከሉ በፊት ተሰብስበው የቆዩ የዓሣ ቅርፊቶችን ወስደው ሙሉ ጂኖማቸውን መረመሩ። የኪልሽ ዘረመል በከፊል በሕይወት ባሉት ዘመዶቹ ውስጥ ተገኘ። የጥልቀቱ መኖሪያ ሲፈርስበት ከጎረቤቶቹ ጋር ተዳቅሎ ነበር። ዝርያው የለም፤ ከውርሱ ግን የተረፈ አለ። ሐይቁ ከጸዳ በኋላም ቢሆን ያ ተበታትኖ የቀረው ውርስ ተሰብስቦ ኪልሽን አልሠራም።

ሦስቱ ታሪኮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ «ጠፋ» የሚለው ቃል ስንት ነገር እንደተሸከመ ይታያል። በራይን የጠፋው መንጋ ነበር፤ ወገኑ ሌላ ቦታ አለ። በታዛዋ የጠፋው ቤት ነበር፤ ባለቤቱ በስደት ይኖራል። በኮንስታንስ የጠፋው አኗኗር ነበር፤ ከደሙ የቀረ አለ። ባርኮድ ከእነዚህ ሁሉ የሚመልሰው አንዱን፣ የዘመድነቱን ጥያቄ ነው። ራይን ከ1940 በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያለ ሃውቲንግ መኖሩን የትኛውም የላቦራቶሪ ውጤት አይሽረውም።

ጨርሶ የማያከራክር ሞትም አለ። በያንግትዜ ወንዝ የነበረው ባለ ረጅም አፍንጫ ግዙፍ ዓሣ፣ የቻይናው ፓድልፊሽ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በሕይወት የታየው በ2003 ነው። በ2017 እና በ2018 በወንዙ ላይ በተደረገ ሰፊ ፍለጋ 332 የዓሣ ዝርያዎች ሲገኙ እሱ አልተገኘም። በ2022 ጠፍቷል ተብሎ ተመዘገበ። ሌላ ሐይቅ አልተላከም፤ የሚደባለቀው የቅርብ ዘመድም አልነበረውም።

ፍርዱ ሲቸኩል ደግሞ ራሱ ይገድላል። የጥበቃ ባለሙያዎች ይህን «የሮሜዮ ስሕተት» ይሉታል። ከበደ ሚካኤል በአማርኛ ያቀረቡልንን «ሮሜዎና ዡልየት» ያነበበ ሁሉ ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ሮሜዮ የተኛችውን ዡልየት ሞታለች ብሎ ራሱን ያጠፋል፤ እሷም ስትነቃ በሱ ሞት ምክንያት ትሞታለች። ዝርያም «አልቋል» ከተባለ ገንዘቡ ይቆማል፣ ጠባቂው ይነሣል፣ ግድቡ ይሠራል፤ ተደብቆ የቀረ ካለ ያኔ በእውነት ያልቃል። በሌላ በኩል «አልጠፋም» የሚለው ዜና ደግሞ ለቸልታ ሽፋን ሊሆን ይችላል። ወገኑ ሌላ ቦታ አለ ከተባለ የዚህን ወንዝ መንጋ ማን ይቆረቆርለታል?

ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በጣና ሐይቅ ከቆሮሶና ከአምባዛ ሌላ ላቤዮባርበስ የሚባሉ ትልልቅ ዓሣዎች አሉ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሣዎች ለይቷቸዋል። በ1973 ባኒስተር የተባሉ ተመራማሪ እነዚህን ሁሉ በመላ ኢትዮጵያ ከሚገኝ አንድ ዝርያ ጋር ደመሯቸው። በ1990ዎቹ ግን ሆላንዳውያኑ ናግልከርከና ሲቢንግ የራስ ቅላቸውን፣ አፋቸውንና ምግባቸውን አጥንተው 15 ያህል ዝርያዎች ናቸው አሉ። ስምንቱ ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚበሉ ናቸው፤ በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ ለሌላቸው ለነዚህ ወገኖች ይህ ያልተለመደ ነው። የማይቶኮንድሪያው ምርመራ ሲመጣ ግን እንደ አውሮፓ ኮሬጎነሶች ሁሉ እነዚህንም አንድ ለአንድ መለየት አልቻለም። የሚጠበቅ ነው፤ የሐይቁ ደለል ጥናት እንደሚያሳየው ጣና ከ15,000 ዓመታት በላይ በፊት ደርቆ ነበር፤ ዓሣዎቹ የተለያዩት ለዘረመል ሰዓት እጅግ በቅርቡ ነው።

እዚህ ላይ የቆጠራው ምርጫ የሐዘኑን ልክ ይወስናል። አንድ ዝርያ ናቸው ካልን፣ ዓሣ በሊታው ትልቅ አፍ ያለው ወገን ከጣና ቢያልቅ በየትኛውም መዝገብ ላይ «ጠፋ» የሚል ቃል አይጻፍም። 15 ናቸው ካልን ያው ክስተት የዓለም ኪሳራ ይሆናል። ውኃው ውስጥ የሆነው ነገር በሁለቱም አንድ ነው።

እንዲህ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ብዙ ዝርያ ያፈራ የዚህ ወገን የዓሣ ቡድን በዓለም ላይ ሌላ አንድ የታወቀ ነበር፤ በፊሊፒንስ ላናው ሐይቅ። በ2020 ዓለም አቀፉ ኅብረት በላናውና በመውጫ ወንዙ ብቻ ከሚገኙት 17 ዝርያዎች 15ቱ መጥፋታቸውን፣ የቀሩት ሁለቱም ሳይጠፉ እንዳልቀሩ አስታወቀ። ከውጭ የገቡ አዳኝ ዓሣዎች፣ ከልክ ያለፈ አሰጋገርና አጥፊ የአሰጋገር ዘዴዎች ናቸው የፈጇቸው። ጣና አሁን አንድ ለእናቱ ሆኗል። የጣና ላቤዮባርበሶች ቢያንስ ሰባቱ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ድረስ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ፤ በዚያው ወቅት በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል፤ በየወንዙም ዓሣ የሚያደነዝዘው የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ይበተንባቸዋል። በሞተር ጀልባ ከሚያዘው ላይ በተደረገ ጥናት በ1990ዎቹ አሥር ዓመታት ውስጥ ብቻ የነሱ ምርት በ75 በመቶ ወርዷል።

ስለዚህ ለባሕር ዳርና ለአዲስ አበባ ተመራማሪዎች፣ ለክልሉም የዓሣ ሀብት ኃላፊዎች የሚቀርብ ሁለት ልመና አለ። አንደኛው፣ ከየዓይነቱ ናሙና በአልኮል ተነክሮ፣ የተያዘበት ቦታና ቀን ተጽፎበት ዛሬውኑ ይቀመጥ፤ እንደ ለንደኑ ደረቅ ዓሣ ያሉ ናሙናዎች ባይኖሩ ስለ ጥንቱ ሃውቲንግ ማንም ምንም መመርመር ባልቻለ ነበር። ሁለተኛው፣ የሦስቱ ወንዞች አፍ በመራቢያው ወራት ከመረብና ከብርብራ ይጠበቅ፤ ለዚህ የዝርያዎቹ ቁጥር እስኪወሰን መጠበቅ አያስፈልግም። የ75 በመቶው ቅነሳ ሲመዘገብ የስሙ ክርክር አላለቀም ነበር፤ ዛሬም አላለቀም።